ስድስት ወረቀት፣ አንድ መንደርደሪያ

የዛሬው ዝግጅት ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነው። ልጁ «አጠናሁ» ሲለው ምን እንዳጠና ማወቅ ለሚቸግረው ወላጅም ይሆናል። ባዶ ወረቀትና እርሳስ አጠገባችሁ አኑሩ። በየመሐሉ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ጥቂት ዝም እላለሁ፣ ከዚያ አብረን እንሠራዋለን። ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙንም አትቸገሩም፤ ቁጥሮቹን በጭንቅላት እንዲሠሩ አድርጌ መርጫቸዋለሁ።

በቅድሚያ የሚጠብቃችሁን እንወቅ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ አለበት፤ ሒሳቡ ግን ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ወረቀት ነው። ከዚያ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል፤ ድምሩ 600 ነው። ወላጆች «ሲቪክስስ የት ገባ?» ትሉ ይሆናል። የዜግነት ትምህርት ተብሎ በክፍል ይሰጣል፤ ከመግቢያው ፈተና ድምር ግን ወጥቷል። ብዙዎቻችሁ የተፈተናችሁት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። ስለዚህ ልጃችሁ 8ኛ ክፍልን ካለፈ በኋላ የራሱ አስተማሪ ባልሆነ ሰው የሚመዘነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በመካከሉ የትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ የሚታየው 90 እና 95 ቤተሰቡን ሁሉ ሲያዘናጋ ይከርማል።

ፈተናው በጥቅምት 2015 ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በተከታዩ ዙር 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2016 ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መፈተን ጀመረ።

ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል፤ የመምህራኑ ነገር፣ የመጻሕፍቱ ነገር፣ የኮቪድ ጊዜ የትምህርት መቋረጥ፣ ጦርነቱ። ሁሉም እውነት አለበት። ተፈታኙ ሊያስብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ከጎን ወንበር መልስ አይመጣም፣ ስልክ አይገባም፤ ተማሪው ይዞ የሚገባው ራሱ የገባውን ብቻ ነው። «ፈተናው ወጥቷል» የሚል ወሬ በየዓመቱ በቴሌግራም ይዞራል። በግንቦት 2008 እንግሊዝኛው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ ወደ ሐምሌ መዛወሩን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ የተንገላታው ያልኮረጀውም ተማሪ ነበር።

አሁን ወደ አጠናናችን እንምጣ። በሃያ ሁለት፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በጎሮ አስጠኚ የማይገባበት ሕንፃ ማግኘት ይከብዳል። ማክሰኞና ሐሙስ የፊዚክሱ፣ ሰኞና ረቡዕ የሒሳቡ፣ ቅዳሜ የኬሚስትሪው። አቅሙ የሌለው ደግሞ ከቡልቡላ ወይም ከአራብሳ በጠዋት ተነሥቶ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለመያዝ ይሰለፋል። ሁለቱም ልጆች የሚሠሩት ስህተት አንድ ነው። ስድስቱን ትምህርት በስድስት ደብተር ለይተው፣ የአንዱን ከሌላው ሳያገናኙ ይሸመድዳሉ። የፊዚክሱ ቀመር በፊዚክስ ደብተር ውስጥ ያድራል፤ ሒሳብ ሲሠሩ አይታሰብም። ፈተና አውጪው ግን የትኛውን ደብተር እንደምትከፍቱ አይነግራችሁም።

ይህንን በደረቁ ከማወራ ከሰፈራችን አንድ ነገር ልምረጥና እናገላብጠው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን መንደርደሪያ። ርዝመቱ 3,800 ሜትር ገደማ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍ ይላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙ።

የመጀመሪያው ጥያቄ። አንድ አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ አንድ ጊዜ ከጅቡቲ፣ ሌላ ጊዜ ከቦሌ ይነሣል። የትኛው ቦታ ላይ ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት? የሙቀቱን ልዩነት ለጊዜው እንተወው።

አብዛኞቻችሁ «ቦሌ» እንዳላችሁ እገምታለሁ። ትክክል ነው። ግን «ለምን?» ሲባል «ከፍታ ስለሆነ» ብሎ ማቆም የፊዚክስ መልስ አይደለም። ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል፣ በመጽሐፋችሁ ሊፍት የሚባለው፣ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በአየሩ ጥግግት እና በፍጥነቱ ስኩዌር። የክንፉ ስፋትና ቅርጽ አልተለወጠም፤ አውሮፕላኑ ያው ነው። በቦሌ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ክብደቱ ካልተቀነሰ የሚያነሣው ኃይልም መቀነስ የለበትም። ጥግግቱ ወደ 0.8 ከወረደ የፍጥነቱ ስኩዌር ያንን ማካካስ አለበት፤ 1 ለ0.8 ሲካፈል 1.25። ፍጥነቱ ራሱ የ1.25 ስኩዌር ሩት፣ 1.12 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከቦሌ ለመነሣት በ12 በመቶ የሚበልጥ ፍጥነት ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ እርሳሱን ያስቀምጣል። ጥያቄው ግን ስለ ፍጥነት አልነበረም፤ ስለ ርቀት ነበር። ከቆመበት በእኩል ማጣደፍ ለሚነሣ አካል የፍጥነቱ ስኩዌር ሁለት ጊዜ ማጣደፉ ሲባዛ በርቀቱ ነው። ይህችን ቀመር ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። ማጣደፉ ካልተለወጠ የፍጥነቱ ስኩዌር 1.25 እጥፍ ሲሆን ርቀቱም 1.25 እጥፍ ይሆናል። በባሕር ዳርቻ 2,000 ሜትር የበቃው አውሮፕላን እዚህ 2,500 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። በእውነቱ ከዚያም ይበልጣል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ውስጥ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ማጣደፉ ራሱ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ስኩዌር ሩቱን ጨርሶ ላያስፈልገን ይችል ነበር። ጥያቄው ርቀት መሆኑን ከመጀመሪያው ያየ ተማሪ ከ0.8 በቀጥታ ወደ 1.25 ይሄዳል፤ ሌላው ሩት ሲያወጣ ሁለት ደቂቃ ያጠፋል።

ይኸው ከፍታ ወደ ማዕድ ቤት ይገባል። በቦሌ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭ ካለው ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። የውጭው ግፊት ዝቅ ካለ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ እዚህ አካባቢ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ባቄላና ሽምብራ በአዲስ አበባ ከጅቡቲ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ 8 ዲግሪ ሲያንስ ኬሚካዊው ለውጥም ይዘገያል። ታዲያ የኬሚስትሪ ምርጫ ላይ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታገኙ ወዲያው አታጥቁሩ። በምን ግፊት? ይህ ካልተጻፈ ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ነው፤ ፈተና አውጪዎችም ይህን ጉድለት ይወዱታል።

ባዮሎጂው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን የሚመለከት ነገር አለው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኒ ብዙ ቀይ የደም ሴሎች ይሠራል፣ ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ መጥቶ ቦሌ የሰነበተ ሰው ላይ ይህ አቅጣጫ ትክክል ነው። በአንዲስ ተራሮች በሚኖሩ ሰዎችም ሄሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአገራችንን ገበሬዎች መረመረች። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። የሰዎቹ ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የቲቤትም የአንዲስም ሰው አካል ያገኘው መፍትሔ ከዚህ የተለየ ነው። እንግዲህ የአጭር ጊዜ መላመድና በብዙ ትውልድ የሚመጣ የዝርያ መላመድ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይገኛል? በፈተናው ላይ ሁለቱን የሚያምታቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። የሰሜኑን ገበሬ ያስታወሰ አይምታታበትም።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች፣ አልረሳኋችሁም። ያው 2,330 ሜትር የእናንተም ነው። ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋ ከዚያ በላይ ነው ብላችሁ ተምራችኋል። ቦሌ ያለችው ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደጋ፣ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ወይና ደጋ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለውን ደንብ ውሰዱና አዳማ ከቦሌ በ600 ሜትር ዝቅ ያለች ናት እንበል። ልዩነቱ 0.6 ሲባዛ በ6.5፣ ወደ 4 ዲግሪ። ቅዳሜ አዳማ ወርዶ ጃኬቱን ያወለቀ ሁሉ ይህን ሒሳብ በአካሉ ሠርቶታል።

ታሪኩ ደግሞ ከፊዚክሱ ይወለዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. እገዛ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የዚያን ጊዜ አውሮፕላኖች ባለ ፕሮፔለር ስለነበሩ የልደታው ሜዳ፣ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት በምንለው ሰፈር አጠገብ ያለው፣ ይበቃቸው ነበር። ጄት ሲታዘዝ ግን አጠረ። የቦሌ ማረፊያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. መጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የታሪክ ጥያቄ ዓመተ ምሕረት ብቻ ቢጠይቃችሁ እነዚህን መሸምደድ ይበቃ ነበር። አሁን አሁን ግን የሚጠይቀው የትኛው ለየትኛው ምክንያት እንደሆነ ነው። አየሩ ሳስቷል፣ ጄት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ልደታ ጠባብ ነው፣ ቦሌ ሰፊ ሜዳ ነው። በዚህ መንገድ የያዛችሁት ዓመት አይጠፋችሁም።

ኢኮኖሚክሱን ከአፕቲቲዩድ ጋር አብሬ ልውሰደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ለስሌቱ እንዲመች 114 ደረሰ እንበል። ዶላር በስንት በመቶ ጨመረ? 57 ላይ ሌላ 57፤ 100 በመቶ። ጥሩ። ብርስ በስንት በመቶ ወደቀ?

...

«100 በመቶ» ያላችሁ ካላችሁ፣ ያ ማለት ብር ዋጋው ዜሮ ሆነ ማለት ነው። አንድ ብር ቀድሞ የአንድ ዶላር አንድ ሃምሳ ሰባተኛ ነበር፤ አሁን አንድ መቶ አሥራ አራተኛ። ግማሽ ሆነ፤ ስለዚህ 50 በመቶ ወደቀ። ቁጥሩ አንድ፣ መነሻው ሁለት። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የምንዛሪ ለውጥ ያጠናበታል፣ የአፕቲቲዩድ ወረቀት ደግሞ ያንኑ በበግ ዋጋ ወይም በሸሚዝ ቅናሽ አልብሶ ያመጣዋል።

አፕቲቲዩድ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከድምሩ አንድ ስድስተኛ ሆኖ ሳለ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ላይ ክፍለ ጊዜ የሌለው እሱ ነው። መማሪያ መጽሐፍ የለውም፣ ብዙ ጊዜ መምህርም የለውም። ወላጅ ለፊዚክስ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ለዚህ ግን ልጁ የካቲት ላይ አንድ የጥያቄ ስብስብ ገዝቶ ይተወዋል። ወረቀቱ የቃልና የቁጥር ክፍል አለው። የቁጥሩ ክፍል ከ8ኛ ክፍል ሒሳብ ብዙም አይርቅም። የሚከብደው አጣድፎ ማሰብን ስለሚጠይቅ ነው።

አንድ እንሥራ። ከቦሌ እስከ አያት 15 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሹፌር ንጋት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሄደ፤ ማታ መንገዱ ተዘጋግቶ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየነዳ ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? ምርጫዎቹ 15፣ 20፣ 25 እና 40 ናቸው።

30 እና 10 ደምሮ ለሁለት ያካፈለ 20 ያጠቁራል። 20 እዚያ የተቀመጠው ለእሱ ነው። ሲሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፣ ሲመለስ አንድ ሰዓት ተኩል። በድምሩ 30 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት፤ መልሱ 15። በቀስታው መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየ አማካዩ ወደ ቀስታው ያዘነብላል። የመገናኛን አደባባይ ማታ ያየ ሰው ይህንን ያለ ቀመርም ይገባዋል።

ሁለተኛው። ሁሉም አብራሪዎች እንግሊዝኛ ይናገራሉ። አንዳንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ገርጂ ይኖራሉ። ስለዚህ አንዳንድ አብራሪዎች ገርጂ ይኖራሉ። ይከተላል ወይስ አይከተልም?

«አዎ፣ የእኛ ጎረቤት አብራሪ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሁን፤ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከተሰጡት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን አይከተልም። ገርጂ የሚኖሩት እነዚያ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሙሉ አስጎብኚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ወረቀት የምታውቁትን አይጠይቅም፤ ከተሰጣችሁ ምን እንደሚወጣ ይጠይቃል። ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች እዚህ የሚሰናከሉት ብዙ ስለሚያውቁ ነው።

ሦስተኛውን ከቤታችን ላምጣ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለው 100ኛው ቀን ምን ቀን ይሆናል? 100ን ለ7 አካፍሉ፤ 14 ደርሶ 2 ይቀራል። 14ቱን ሳምንት እርሱት፤ ከሐሙስ ሁለት ቀን ቁጠሩ፤ ቅዳሜ። የሚያስፈልገው ቀሪው ብቻ ነው። በቀሪ መሥራት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመን የሚቆጥሩት በዚሁ ነው። 5500 ላይ 2018 ይደመራል፤ 7518። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ይደመሩና ለ7 ይካፈላሉ፤ ቀሪው 3። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ብላችሁ ስትቆጥሩ የ2018 እንቁጣጣሽ ይመጣላችኋል። አያታችሁ ወይም የንስሐ አባታችሁ ይህን የሚያውቁ ከሆነ አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። ከአንድ ወርክሺት የሚበልጥ የሒሳብ ልምምድ ነው፤ ደግሞም በነፃ።

እስካሁን የሠራናቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በአማርኛ ነበር የጠየቅኋችሁ። እዚያ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጡት። የእንግሊዝኛን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። በስም አንድ ወረቀት ይምሰል እንጂ በስድስቱም ውስጥ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ሳይንሱን ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲያነብ ቆይቷል፤ በተለይ በቦሌ የግል ትምህርት ቤቶች ልጆች በመናገር ይተማመናሉ። መናገርና የጥያቄን ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ማንበብ ግን ይለያያሉ። «ከሚከተሉት የትኛው አይደለም» የሚለውን «ኖት» እና «በስተቀር» የሚለውን «ኤክሴፕት» ዘሎ የሚያልፍ ተማሪ ባዮሎጂውን አሳምሮ እያወቀ ይሳሳታል። የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ደስ ይለውና ያጠቁራል፤ የተጠየቀው ስህተቱን ነበር። በኢኮኖሚክስ «ፍላጎት ጨመረ» እና «የተፈለገው መጠን ጨመረ» የሚሉት ሁለት ሐረጎች በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው መስመሩን በሙሉ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ያንሸራትታል።

መፍትሔው ሰዋስው መሸምደድ ነው ብዬ አላምንም። እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከፊዚክስ ወይም ከታሪክ መጽሐፋችሁ አንድ አንቀጽ አንብቡ፤ ዝጉት፤ ለእናታችሁ ወይም ለታናሽ ወንድማችሁ በአማርኛ አስረዱ። አድማጩ «አልገባኝም» ካለ እናንተም አልገባችሁም። ከዚያ ያንኑ በራሳችሁ እንግሊዝኛ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አንድ አንቀጽ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀርፋፋ ነው። ግን አንዴ እንዲህ ያለፈ አንቀጽ በየትኛውም አገላለጽ ቢመጣ ይታወቃል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። በብዙ የቀደሙ ዓመታት ወረቀቶች ላይ ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ ባዮሎጂ 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ሆኖ ታዩታላችሁ። አካፍሉት። ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ 2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ገደማ፣ ለባዮሎጂ 72 ሴኮንድ፣ ለእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ። የቁጥሩ ልዩነት የሚነግራችሁ ፈተና አውጪው ከየትኛው ስሌት፣ ከየትኛው ፈጣን ንባብ እንደሚጠብቅ ነው። ባዮሎጂን እንደ ሒሳብ አስባችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሰላሳኛው ጥያቄ ላይ ከሰዓቱ ሁለት ሦስተኛው አልፏል። የዘንድሮውን ብዛትና የተፈቀደውን ሰዓት ከሽፋኑ ወይም ከስክሪኑ ላይ አንብቡ፤ ሳትጀምሩ አካፍሉት። ሞዴል ፈተና ቤት ውስጥ ስትሠሩም ስልኩን ለሰዓት ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። የግድግዳ ሰዓት ይበቃል።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ፤ ልጃችሁን ማታ «ስንት ገጽ አነበብህ?» ከማለት «ዛሬ የተሳሳትከውን አንድ ጥያቄ አሳየኝ» በሉት። ፊዚክስ ባታውቁም ግድ የለም። የት ጋ እንደሳተ ሊያስረዳችሁ ከቻለ ሥራውን ሠርቷል። «ምንም አልተሳሳትኩም» ካላችሁ ደግሞ ምናልባት የሚሠራው የሚችለውን ብቻ ነው፤ ይህ በጎበዝ ተማሪ ላይ ይበዛል።

እስከሚቀጥለው ዝግጅት የምትሠሩት ይኸውላችሁ። በቦሊቪያ ኤል አልቶ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 64 በመቶ ነው ብላችሁ ያዙ። በባሕር ዳርቻ 2,000 ሜትር የሚበቃው ያ አውሮፕላን እዚያ፣ ማጣደፉ ሳይለወጥ፣ ስንት ሜትር ይንደረደራል? የመነሻ ፍጥነቱስ በስንት በመቶ ይጨምራል? ሁለቱ መልሶች አንድ ቁጥር አይደሉም። ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ፤ አንድ ዶላር ከ100 ብር ወደ 125 ብር ቢወጣ ብር በስንት በመቶ ወደቀ? 25 ያላችሁ እንደገና ሥሩት። መልሶቹን በሚቀጥለው ዝግጅት መጀመሪያ ላይ እሰጣችኋለሁ፤ ቀጥለን የምንገባው ወደ ፕሮባቢሊቲ ነው።